ጅማ ከመሸ በኋላ፦ ከሥራ ወጥቶ የት ይኬዳል?

ከአዳማ_የመጣ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአዳማ ወደ ጅማ በዝውውር ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። የምሠራው ባንክ ውስጥ ሲሆን ሒሳብ ዘግተን ስንወጣ ጀምበር ጠልቃ ታድራለች ማለት ይቻላል። የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ቀን ቀን ከተማዋ ደስ ትላለች፤ ዛፉ፣ አየሩ፣ የሰዉ ሰላምታ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ግን የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አዳምጣለሁ።

ጫት አልቅምም። ቢራ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የምጠጣው። ባለፈው ቅዳሜ ባልደረቦቼ ሙዚቃ አለ ወደተባለ ሆቴል ወሰዱኝ። ድምፅ ማጉያው ከጠረጴዛችን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። አጠገቤ ያለው ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን እያየሁ "አዎ፣ አዎ" እል ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት አንደኛውን "አዎ" ያልሁት "ሒሳቡን አንተ ትከፍላለህ?" ለሚለው ጥያቄ ኖሯል።

የጅማ ሰው ማታ ምን ያደርጋል? ቁጭ ብሎ የሚያወጉበት፣ ብዙ የማይጠጡበት፣ እኅቴ ልትጠይቀኝ ብትመጣ ይዣት የምሄድበት ቦታ ካለ ጠቁሙኝ።

---

የፈረንጅ_አራዳው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ። የሒሳቡ ነገር ብቻዬን አስቆኛል።

ጅማን በአዳማ ሚዛን አትለካት። አዳማ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከባድ መኪናውም ተሰብሳቢውም ያድርባታል፤ መንገደኛ ደግሞ ቶሎ አይተኛም። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የቆመች የገበያ ከተማ ናት። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ጅሬን ኮረብታው ላይ ሆነው ሲያስተዳድሩ፣ ታች ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ይቆም ነበር። ነጋዴው ከየአገሩ የሚጎርፈው ለዚያ ገበያ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ታች ሜዳው ላይ መንገድና ቤት ሠራ፤ የሰፈራችን ስም፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ራሱ ያንን ይናገራል። ፈረንጁ ሄደ፣ ስሙና ጥቂት ወፋፍራም ግድግዳዎች ቀሩ። የከተማዋ ጠባይ ግን ያው የገበያ ጠባይ ነው። ገበያተኛ ማልዶ ይነሣል፤ ማልዶ የሚነሣ ሰው አያመሽም።

ሁለተኛው ነገር የመጣህበት ወቅት ነው። ነሐሴ ላይ ቆመህ ጅማን አትፍረድባት። ዝናቡ አልቆመም፣ ተማሪው የለም፣ ቡናውም ገና አረንጓዴ ነው። ጥቅምትን ጠብቅ። ቡናው መቅላት ሲጀምር ከቡና ወረዳዎቹ፣ ከማና፣ ከጎማ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ገንዘብ ወደ ከተማ ይወርዳል። እሸቱን ለመፈልፈያው ያስረከበው፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ጀንፈል በጆንያ የጫነው፣ የደለለው፣ ያጓጓዘው ሁሉ ጅማ ይገባል። ያኔ ግሮሰሪው ወንበር ያጥረዋል፣ ጥብስ ቤቱ ሥጋ ያልቅበታል፣ አንተም ባንክህ ውስጥ እስከ ማታ ብር ስትቆጥር ምሽቱ ያልፍብሃል። አንድ የማውቀው ነጋዴ አለ። በታኅሣሥ ቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ይጋብዛል፤ ግንቦት ላይ ሻይ በዱቤ ይጠጣል። ለሠላሳ ዓመት እንዲሁ ሲኖር አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀንም ሲቆጭ አልሰማሁትም።

ስለዚህ "ጅማ ማታ ምን አለ?" ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው በየትኛው ወር እንደሆነ ነው።

---

ቀጥተኛው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ምን አለ? ቡና አለ፣ እንቅልፍ አለ። ቡናውን ከጠጣህ እንቅልፉም የለም።

---

ኦርጋኑ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

አሁን ከሥራ መግባቴ ነው፤ ስለ ድምፅ ማጉያው እኔ መልስ ልስጥ። በዚህች ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ኦርጋን ስጫወት ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ወንድሜ የተቀመጠበት ቤት የእኔ ይሁን አይሁን አልጠይቅም፤ ልቀበለው አልፈልግም።

ድምፁ የሚጮኸው ሙዚቀኛው ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም። ባለቤቱ የሚፈልገው መንገድ ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ ነው። "ሞቅ ያለ ቤት ነው" ተብሎ እንዲገባ። ውስጥ ያለው ደንበኛ ገብቷል፣ አዟል፣ ስለ እርሱ ማን ይጨነቃል? ደግሞ ሰው ማውራት ካልቻለ ይጠጣል የሚሉ ባለቤቶች አሉ፤ ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። በለስላሳ ድምፅ በተጫወትሁባቸው ምሽቶች ሰው ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ምግብ ያዛል፣ ሚስቱን ይዞ ይመጣል። በጩኸቱ ምሽት አንድ ጠርሙስ ጠጥቶ ይወጣል።

የሥራው ሁኔታም ይታወቅ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብዙው ቤት ሙዚቃ የለውም። ሐሙስና ዓርብ አንድ ኦርጋንና አንድ ድምፃዊ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሳክስፎን ወይም ጊታር ይጨመራል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ያለችው ያቺ አንድ ደቂቃ በጣም ደስ ትለኛለች። ሰዉ በጨለማ ያለ ማጉያ ዜማውን ይቀጥልበታል። አንድ ምሽት አዳራሹ በሙሉ በአፋን ኦሮሞ የሠርግ ዘፈን በጭብጨባ ብቻ ይዞ ቀጠለ። መብራቱ ሲመጣ ማንም የእኔን ኦርጋን አልፈለገውም፤ እኔም እጄን አጣጥፌ አዳመጥሁ።

---

ሦስተኛ_ዓመት — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡05

ስለ ተማሪ ስለተነሣ፦ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ከተማዋ ሌላ ናት፣ ግን የተማሪ ምሽት ሆቴል ውስጥ አይደለም። አንደኛ ነገር ገንዘብ የለም። ሁለተኛ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። እኔ ሃያ ነኝ። መታወቂያ የሚጠይቅ ቤት ብዙም አላየሁም፣ ሕጉ ግን አለ።

እኛ የምናመሸው ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች፣ ከረንቡላ ቤትና ጆተኒ ላይ ነው። የእንግሊዝ ጨዋታ ያለበት ቅዳሜ ወንበር ለመያዝ አንድ ሰዓት ቀድሞ መሄድ ያስፈልጋል። መግቢያ ይከፈላል፣ አንድ ለስላሳ ይዘህ 90 ደቂቃ ትቀመጣለህ፣ እርሱ ነው መዝናኛው። ሴቶች ግን አይመጡም ማለት ይቻላል። የክፍል ጓደኛዬ አንድ ቀን አብራኝ መጥታ ሰዉ ከኳሱ ይልቅ እርሷን ሲያይ ዋለ፤ ሁለተኛ አልመጣችም።

---

ቀጥተኛው — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ኳስ ካላችሁ አይቀር፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ያላየ ሰው የጅማን ሌሊት አየሁ አይበል። እስኪነጋ ጡሩምባ ነበር። እናቴ ሳትቀር በነጠላዋ ወጥታለች።

---

ተረኛዋ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ወንዶቹ ስለ ሙዚቃና ስለ ወቅት አወራችሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ተራዬ የሚያልቀው ማታ ነው። ከተረኝነት የወጣ ሰው ወዲያው አይተኛም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የዋርዱ ድምፅ አለ። አንድ ቦታ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ፣ ሰው አይቼ መግባት እፈልጋለሁ። በጣም ትልቅ ምኞት አይመስለኝም።

አንድ ምሽት በረንዳ ያለው ሆቴል ገብቼ ጥግ ያዝሁ። አስተናጋጁ መጣ፤ ጠረጴዛውን ጠረገ፤ "ምን ልታዘዝ?" አላለም። "ሰው ይመጣል?" አለኝ። አይመጣም አልሁት። ሄደ። ቆይቶ ሌላኛው መጥቶ ያንኑ ጠየቀኝ። ሻዩ ሲመጣ ቀዝቅዞ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ "አዎ፣ ይመጣል" አልሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው በሰላም የጠጣሁት። የማይመጣ ሰው እየጠበቅሁ ማለት ነው።

እርሱም ይለፍ። የባሰው መመለሱ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጅ ብርቅ ነው፤ የተገኘውም የቀኑን እጥፍ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሦስት እጥፍ። ዋናው መንገድ ላይ አዲሱ የእግረኛ መንገድና መብራት ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው፣ አያለሁ። ቤቴ ግን ዋናው መንገድ ላይ አይደለም። ወደ ውስጥ ስትገቡ መብራት የለም፣ ጭቃ አለ፣ ውሻ አለ። ስለዚህ ማንኛዋም ሴት ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት የምታስበው ስለ ቦታው አይደለም፣ በምን እመለሳለሁ ብላ ነው። ከአዳማ የመጣኸው ወንድማችን፣ እኅትህን ይዘህ ስትወጣ ይገባሃል።

---

ሦስት_እግር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

እኅቴ፣ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ያልሽው እውነት ነው፤ የእኔን ወገን ግን ስሚኝ።

ቀን ከመርካቶ ወደ ቆጪ ስሄድ ሦስት ሰው እጭናለሁ፤ ስመለስም ባዶ አልመለስም። ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ይዤ ኪቶ ድረስ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ግን ሰው የለም። ቤንዚኑ የሚነደው ለደርሶ መልስ ነው። ለዚያ ቤንዚን ደግሞ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደተሰለፍሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዋናው መንገድ ስወጣ ጎማዬ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ በዝናብ ጉድጓዱ አይታይም። ባለፈው ወር በአንድ ሌሊት ሥራ ያገኘሁትን በማግሥቱ ለጎማ አስተካካይ ሰጥቻለሁ። የሰዓት ገደብ በሚጣልባቸው ጊዜያት ደግሞ መቀጮ አለ።

እጥፍ የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ሦስት እጥፍ የሚጠይቀውን አልከራከርለትም፤ እርሱ ሌባ ነው።

ብዙ ሰው ቢያመሽ ግን እኛም እናመሽ ነበር።

---

ተረኛዋ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡52

እናንተ ብታመሹ ኖሮ እኛም እናመሽ ነበር። ታዲያ ማን ይቅደም?

---

የፈረንጅ_አራዳው — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡58

ሦስት_እግር ሲል በርጩማ የሚሸጥ ሰው መስሎኝ ነበር። የጅማ በርጩማም ሦስት እግር ነው፤ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ አይነቃነቅም። ባጃጁም ጥበቡን ከእርሱ ቢማር ጥሩ ነበር።

---

የሐጂ_ልጅ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ትናንት ማታ አንብቤ ሳልመልስ አደርሁ። "ማን ይቅደም?" ለሚለው መልስ አለኝ፤ በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ እዚሁ ከተማ ውስጥ እናየዋለን። ይገርመኛል ማንም ያላነሣው።

ረመዳን ላይ ጅማ አትተኛም። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል መንገዱ ጭር ይላል፤ የቀረው ባጃጅ ሁሉ ሰው ለኢፍጣር ለማድረስ ይሮጣል። ከዚያ ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ። ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ነው ዋናው ምሽት የሚጀምረው። መስጊዱ አካባቢ ያሉ መንገዶች ላይ እናቶች ምድጃ አውጥተው ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። ዘይቱ ሲንጫጫ ከዚያ ማዶ ይሰማል። በሶ በማር በጥብጠው በብርጭቆ የሚሸጡ አሉ፤ ከጾም በኋላ እንደ እርሱ የሚያበረታ ነገር አላውቅም። ሕፃናት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ልጃገረዶች ሦስትም አራትም ሆነው እየሳቁ ይሄዳሉ፤ "ሰው ይመጣል?" የሚላቸው የለም። ከአንዳንድ ቤት መንዙማ ይሰማል፤ ድቤው ከሩቅ ይጠራል።

አሁን ልብ በሉ። መንገዱ ያው መንገድ ነው። ጉድጓዱም ያው። መብራቱም አልተጨመረም። ጠብታ አልኮል የለም። ባጃጅ ግን እስከ ሌሊት አለ፤ ዋጋውም እንደዚያ አይሰቀልም፣ ሲሄድም ሲመለስም ሰው ስላለ። ሴቱ ሁሉ የሚወጣው ሌላዋ ሴት ስለወጣች ነው። ዒድ ሲያልፍ በሳምንቱ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ስለዚህ ጅማ ሌሊት አታውቅም የሚለውን አልቀበልም። የምታውቀው ሌሊት የጭፈራ ቤት አይደለም እንጂ።

---

ቀጥተኛው — ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡30

በመልካም ተናገርህ፤ ግን ረመዳን ሃይማኖት ነው፣ ሰው የሚወጣው ለአላህ ብሎ ነው። በኅዳር ማክሰኞ ማታ ሰውን ለሳምቡሳ ከቤቱ አታወጣውም። ጭፈራ የሚወድም ሰው አለ፤ እርሱም የዚህች ከተማ ሰው ነው። ለእርሱም ቦታ ይኑረው።

---

የሐጂ_ልጅ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡55

ይኑረው፣ ማን ከለከለው? እኔ የምለው ከሥራ የወጣ ሰው ለመቀመጥ ብቻ ቢራ መግዛት ወይም ጆሮውን መስጠት አይገባውም ነው። ለሰላት የወጣው ሰው ደግሞ ሰላቱ ካለቀ በኋላ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ የሚቆየው ለሰላት አይደለም። ለወግ ነው። ይህንን አንተም ታውቃለህ፤ ባለፈው ረመዳን እኛ ቤት በር ላይ ስንት ሳምቡሳ እንደበላህ አልናገርም።

---

ቀጥተኛው — ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡57

አትናገር።

---

ኦርጋኑ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡20

ይህንን ውይይት ለአለቃዬ አነበብሁለት። ስለ አስተናጋጁ ያለው ክፍል ላይ ዝም አለ። የእኛ ቤት አይደለም ብሎ ሊምል ፈልጎ ነበር፤ እርግጠኛ አልሆነም መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ማጉያውን ወደ ውስጥ አዙረን፣ ድምፁን ቀንሰን ልንሞክር ተስማምተናል። አንድ ወር ነው የሰጠኝ። ገቢው ከቀነሰ ማጉያው ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ እኔም ከእርሱ ጋር።

---

ከአዳማ_የመጣ — እሑድ፣ ከቀኑ 4፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

ዝናቡ 1 ሰዓት ላይ አባራ። ከክፍሌ ወጥቼ ወደ ዋናው መንገድ ሄድሁ። በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ እንደ እኔ ዝናብ እስኪያባራ የጠበቀ ሰው ብዙ ነበር፤ ልጅ ያዘሉም አየሁ። ወደ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ስደርስ አንድ ግንብ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። ላይዋ ላይ በአራት እንጨት የተወጠረ ሸራ አለ፤ ውኃው ሸራው ላይ ተጠራቅሞ ሲከብድ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ገፋ ታደርገዋለች፣ ጎርፉ ከበስተጀርባዋ ይወርዳል። ይህንን ስታደርግ ዓይኗን ከጀበናው አታነሣም። አምስት በርጩማ ነው ያላት። አራቱ ተይዘው ነበር፤ አንድ መምህር፣ ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች፣ አንዲት ተማሪ። አምስተኛውን ለእኔ ገፋ አደረገችልኝ።

ቡናው ከጤና አዳም ጋር መጣ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ስኒውን አሽትቶ "ይህ የአምና ነው" አላት። "የዘንድሮውን ሂድና ከዛፉ ላይ ጠብቀው" አለችው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ተማሪዋ ፈተና ተወራ። ሲሰናበቱ ሠራተኛው የሁላችንንም ሊከፍል ሲል እኔ ቀደምሁት። በሁለት ቅዳሜ የሰው ሒሳብ ስከፍል ሁለተኛዬ ነው፤ የአሁኑን ግን ሰምቼ ነው "አዎ" ያልሁት።

ባጃጅ 3፡20 ላይ አገኘሁ። እጥፍ ጠየቀኝ። የሦስት_እግርን ደርሶ መልስ አስቤ ሳልከራከር ከፈልሁ።

---

ሦስት_እግር — እሑድ፣ ከቀኑ 4፡40

እኔ አይደለሁም። እኔ ብሆን በአንድ ተኩል እወስድህ ነበር። ያቺን ሴትዮ አውቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እዚያ ድልድይ ጋ ሁለት ሦስት ሆነን ብንቆም ያዋጣ ይሆን እያልን ከጓደኞቼ ጋር ስንነጋገር ነበር። አምስት በርጩማ አምስት ተሳፋሪ ነው።

---

ተረኛዋ — እሑድ፣ ከቀኑ 8፡05

ቅዳሜ ተራዬ 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። ቡና አፍልታ የምትቆየው እስከ ስንት ሰዓት ነው? ሻይስ አላት?

---

ከአዳማ_የመጣ — እሑድ፣ ከቀኑ 8፡30

ሻይ በቅመም አላት። ሰዓቱን ጠይቄያት "ፍሙ እስኪያልቅ ነው" አለችኝ። ሰው የሚመጣ ከሆነ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተጨማሪ ከሰል ይዛ እንደምትወጣ ነግራኛለች። ዛሬ ማታ በዚያ ሳልፍ አንቺም እንደምትመጪ እነግራታለሁ።